ላሊበላን ለማንሳት ከጀበና ጀምሩ

ብዙ ሰው «አንድ ቀን አነሳዋለሁ» ብሎ በልቡ የያዘው ፎቶ አለ። ለአንዱ የጎንደር ጥምቀት ነው። ለሌላው አደይ አበባ የለበሰ የመስከረም ጋራ። የኔ የላሊበላ ገና ነበር፤ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ቀይ ዓለት፣ የማለዳ ብርሃን።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከሦስት መቶ በላይ ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ሳያቸው አንጀቴ ቁርጥ አለ። ነጠላው አመድ መስሏል። ፊት ያለበት ቦታ ጨለማ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሰማዩ ባዶ ወረቀት ሆኗል። ስልኩ ምንም አልነበረበትም። እኔ ነኝ ብርሃንን ለይቼ ማየት ያልተማርኩት። የተማርኩትም በኋላ፣ እዚሁ ቤት፣ በእናቴ ጀበና ነው። እናንተም ከዚያ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።

አንድ ዕቃ ምረጡ

ጀበናና ስኒ አብራችሁ አስቀምጡ። ጀበናው ጥቁር፣ ስኒው ነጭ ነው። ለካሜራ ከዚህ የከበደ ነገር የለም። ጥቁሩን ላሳይ ሲል ነጩ ይነድዳል፣ ማለትም ከልክ በላይ በርቶ ባዶ ይሆናል፤ ነጩን ላድን ሲል ጥቁሩ ይጠፋል። ላሊበላ ላይ የሚገጥማችሁም ይኸው ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለ ዓለትና ነጭ ነጠላ።

ለአንድ ሳምንት ዕቃ አትቀይሩ። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1930 የፈረንጅ ቃሪያ ደጋግሞ አነሳ። ከሁሉ የታወቀው 30ኛው ነው። ቃሪያውን ያስቀመጠው ዘይት ወደ ጠርሙስ ሲቀዳ አፉ ላይ በሚደረገው ሰፊ አፍ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ቆርቆሮው ብርሃኑን ከየጎኑ መለሰለትና ቃሪያው የሰው ገላ መሰለ። በእጁ የነበረው ቃሪያና ቆርቆሮ ብቻ ነው።

መስኮት አጠገብ ውሰዱት

የቤቱን አምፖል አጥፉ። የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲቀላቀሉ ቀለሙ ይበላሻል። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ፈልጉ። ከሌለ ስስ መጋረጃ ጋርዱበት። ጀበናውን መስኮቱ በጎኑ እንዲሆን አድርጋችሁ ማቶቱ ላይ አስቀምጡት። መስኮቱን ከጀርባችሁ አታድርጉ፤ ብርሃን ከፊት ሲመጣ ዕቃው እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ይሆናል።

አሁን ስልኩን አስቀምጡና ዝም ብላችሁ እዩ። እኔ የእናቴን ጀበና ስንት ዓመት ቡና ስጠጣበት ኖሬ በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሆዱ ላይ ጥቀርሻው እንደ ቅባት ያብረቀርቃል። አንገቱ ስር የሸክላ ሠሪዋ ጣት የጫነበት ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። እጀታው አጠገብ አንዴ ተሰንጥቆ የተጠገነበት መስመር ይታያል። መስኮቱ ከጎን ሲሆን እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ጥላ አለው። ጀበናውን ትንሽ ዞር ስታደርጉት አንዱ ይጠፋና ሌላው ይወጣል።

ጥላው በጣም ከከበደ በተቃራኒው በኩል ነጭ ወረቀት አቁሙ። የታጠፈ ነጠላም ይሆናል።

ስልኩን እዘዙት

ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። የጣት ቅባት ፎቶውን ጭጋጋም ያደርገዋል፤ ብዙ ሰው ግን ጥፋቱን ስልኩ ላይ ያደርጋል። ፍላሹን አጥፉ። በሁለት ጣት አታቅርቡት፤ እናንተው ጠጋ በሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ የኔን ፎቶ የለወጠው ይህ ነው። ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ጥቁር ነገር ብቻ ስታሳዩት «ጨለመ» ብሎ ያበራዋል፤ ጀበናው አመድማ ይሆናል። ነጭ ብቻ ስታሳዩት «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላውም አመድማ ይሆናል። አዳዲሶቹ ስልኮች ብልህ ቢሆኑም ይህ ጠባይ ጨርሶ አልለቀቃቸውም።

መፍትሔው በእጃችሁ ነው። ዕቃውን ስክሪኑ ላይ በጣታችሁ ነክታችሁ ያዙት። ብዙዎቹ ስልኮች ላይ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል፤ ትንሽ የፀሐይ ምልክትም ይመጣል። እሷን ወደ ታች ስትጎትቱ ይጨልማል፤ ወደ ላይ ስትጎትቱ ይበራል። ጀበናውን ሞልታችሁ ስታነሱ ወደ ታች፣ ነጠላ ሞልታችሁ ስታነሱ ትንሽ ወደ ላይ። ሁለቱ አብረው ካሉ ለነጩ አድሉ። የነደደ ነጭ በኋላ አይመለስም፤ የጨለመ ጥቁር ግን በተወሰነ መጠን ይወጣል።

እንፋሎቱን ያዙ

ቡና ሲቀዳ የሚወጣው እንፋሎት ከፊት ብርሃን ሲመታው አይታይም። መስኮቱ ከስኒው ኋላ ወይም ከኋላ በጎን፣ ከእንፋሎቱ ጀርባ ደግሞ ጥቁር ነገር ይሁን። ጥቁር ፎጣ ወንበር ላይ መጣል ይበቃል። ማንሻውን ቁልፍ ይዛችሁ ወይም ጎትታችሁ በተከታታይ አንሱ፤ ከ20 አንዱ ይወጣል። እናቴ ጀበናውን እንዳነሳች «ኧረ በልልኝ፣ ቡናው ቀዘቀዘ!» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ከመቀዳቱ በፊት ሁሉን ነገር አዘጋጁ።

መብራት ሲጠፋ ተለማመዱ

አንድ ሻማ ወይም ጧፍ አብሩና የቤተሰብ ሰው ፊት አጠገብ ያዙ። ስክሪኑ ላይ እሳቱን ሳይሆን ጉንጩን ነክታችሁ ቆልፉ፤ ከዚያ ቆዳው የራሱን መልክ እስኪይዝ ዝቅ አድርጉ። የማታ ሞድ ስልኩን ለሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲያይ ስለሚያደርገው ሰው ሲንቀሳቀስ ይደበዝዛል። የሚነሳው ሰው ትንፋሹን ይያዝ፤ እናንተም ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ።

አሁን ወደ ሕልማችሁ ሂዱ

ቀኑን እወቁ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል። ለላሊበላ ሰው ቀኑ የንጉሡም ልደት ስለሆነ ድርብ በዓል ነው። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብርድ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ስልኩን ከልብሳችሁ ስር፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙት።

ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትገባው። ቀትር ላይ ግማሹ ነድዶ ግማሹ ይጨልማል። ለስላሳው ብርሃን የሚገኘው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቶሎ ትከርራለች። የት እንደምትቆሙ በዋዜማው በእግራችሁ ሄዳችሁ ምረጡ።

በበዓሉ ጠዋት ቤተ ማርያም ግቢ ላይ «ቤዛ ኩሉ» ይዘመራል። ካህናቱ ከላይ በዓለቱ ጠርዝ፣ ከታችም በግቢው ቆመው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ረድፍ በአንድ ፎቶ ለማግባት ሞክሩ፤ የላዩን ብቻ ያነሳ ሰው ነገሩን ግማሽ ነው የያዘው። ስክሪኑ በነጭ ሲሞላ የስኒውንና የነጠላውን ነገር አስታውሱ።

ሰው ስታነሱ ጠይቁ። «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ለካህን «አባታችን፣ ይፈቅዱልኛል?» በሉ። እምቢ ካሉ እጅ ነሥታችሁ እለፉ። ቅዳሴ ላይ ፍላሽ ፈጽሞ አይበራም። ደክሞት የተኛ ምእመን ላይ ተራምዳችሁ ፎቶ አትፈልጉ፤ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣ ይኖራል።

ሁለተኛ ስሄድ ከሁሉ የወደድኩት ፎቶ ሕዝቡ የለበትም። ቤተ መቅደሱ በር ላይ የወለቁ ጫማዎች ናቸው። አንዱ የጎማ ጫማ በሲባጎ ተሰፍቷል፤ አጠገቡ ዓለቱ ላይ የተደገፈ መቋሚያ አለ፤ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ከጀበናው በፊት ቢሆን ኖሮ ዘልዬው አልፍ ነበር። እናንተም ትልቁን ካነሳችሁ በኋላ ወደ መሬት እዩ፤ ጫማ፣ የበሶ ከረጢት፣ ያለቀ ጧፍ።

ስትመለሱ

መቶውን አትለጥፉ፤ አምስት ምረጡ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል። 12 ሜጋፒክሰል ፎቶ 25 በ34 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጥርት ብሎ ይታተማል። ስታሳትሙ ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ለእናንተ ነው። ሌላውን ከጀርባው ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ፣ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ስጡና ላነሳችሁት ሰው ይድረስ።