ወደ ጅማ የቋንቋ ካምፕ የሚመጣ የቤተ ክርስቲያን ቡድን ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ ከአዲስ አበባ አጥቢያዎች የአጭር ጊዜ የሚሽን ቡድኖች ወደየአቅጣጫው ይወጣሉ። ጅማ ላይ ለወጣቶች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ካምፕ ለማካሄድ የሚመጡም አሉ፤ አንዳንዴ ከውጭ አገር የመጡ እንግዶችን ይዘው። እኔ የምጽፈው ከተቀባዩ ወገን ሆኜ ነው። ፍራሽ ከሚያሰባስቡት፣ የትምህርት ቤት ቁልፍ ለማግኘት ደብዳቤ ይዘው ከሚመላለሱት ሰዎች አንዱ ነኝ። የሚመጡት ሰዎች ቅን መሆናቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ቅንነት የክፍል ድልድል አያወጣም፤ ምሳም አያበስልም።

ካምፑን አዲስ አበባ ላይ ጨርሶ መምጣት

ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚህ ነው። ቲሸርቱ ታትሟል፣ መሪ ቃሉ ተመርጧል፣ መርሐ ግብሩ በየሩብ ሰዓቱ ተከፋፍሏል፤ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ግን የጠየቀ የለም። አስተናጋጁ አጥቢያ የሚደወልለት አዳራሽና መኝታ ለማዘጋጀት ብቻ ነው። ካምፑ የማን እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል። እናንተ በሳምንታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ወላጅ ቅር ቢለው፣ የተሰበረ ወንበር ቢኖር፣ «የእንግሊዝኛው ትምህርት መቼ ይቀጥላል?» የሚል ልጅ ቢመጣ መልስ የሚሰጠው የጅማው አጥቢያ ነው። ስለዚህ ካምፑን እሱ ይምራው፤ እናንተ እርዱት።

በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን (ከውጭ የመጣ የወንጌላውያን ድርጅት ነው) የመጀመሪያ ቡድን ከአዲስ አበባ ሲነሣ ሐሳቡ ወደ ጅማ መድረስ ነበር። መንገዱ ወደ ሌላ ዞረና ሥራው ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶና ሲዳማ ላይ ተጀመረ። ዕቅዳቸውን የሙጥኝ ቢሉ ኖሮ የደቡብ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ዛሬ ዕቅድ ለማስተካከል በቅሎ መጫን አያስፈልግም፤ ስልክ መደወል ይበቃል። እሱም በግንቦት ነው እንጂ ለመነሣት ሦስት ቀን ሲቀር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ከእኛ ጋር ቁረጡ። የሐምሌ ሁለተኛ አጋማሽ ጥሩ ነው። ነሐሴ 1 የፍልሰታ ጾም ይገባል፤ እስከ ነሐሴ 15 ብዙ የኦርቶዶክስ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤት ምዝገባ ይመጣል። ሐሙስ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ስለሆነ ቤተሰብ የሚያግዙ ልጆች ይቀራሉ፤ ዋናውን ትምህርት ሐሙስ ላይ አታድርጉት። ዓርብ እኩለ ቀን ሙስሊም ልጆች ለጁምዓ ሶላት ይሄዳሉ፤ የዚያን ቀን የጧቱ ትምህርት ቀደም ብሎ ይለቅ። ከውጭ የመጡ እንግዶች ካሉ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ «2 ሰዓት» ሲባል ከሰዓት በኋላ የሚመጣ አስተማሪ አይጠፋም።

«ለሁሉም ልጅ» ማለት

በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል የሰባት ዓመት ሕፃንና የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ አስተማሪው መሐል ለመያዝ ሲል ሁለቱንም ያጣቸዋል።

እንደ እኔ አስተያየት አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁ ከ8ኛ ወደ 9ኛ ክፍል የሚያልፉትን ያዙ። ዞኑ ውስጥ ልጆች የአንደኛ ደረጃን ትምህርት የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሆኖ ይቆያል። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ግን ሂሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ክፍልፋይ መደመር አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ የጥያቄውን አረፍተ ነገር ማንበብ አቅቶት ዜሮ ያገኛል። ለዚህ ልጅ «ስሜ እከሌ ይባላል» የሚለውን በዜማ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው፤ በየዓመቱ ሲነገረው የኖረ ነው። የ9ኛ ክፍል መጻሕፍትን ተዋሱና በእነሱ ሥሩ፦ አወዳድር፣ አብራራ፣ አስላ፣ ምክንያት ስጥ የሚሉት የጥያቄ ቃላት፣ የሂሳብ ምልክቶች አነባበብ፣ አንድ አንቀጽ አንብቦ ዋና ሐሳቡን ማውጣት። ዘፈንና ጨዋታው አይቅር፤ ግን ይህንን ያገልግል።

አማርኛ ይበቃል ብሎ መምጣት

ጅማ ከተማ ውስጥ አማርኛ ስለሚሰማ እንግዳው ይታለላል። በዙሪያው ካሉት ወረዳዎች፣ ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ ወይም ከዴዶ የመጣ ልጅ ግን በአማርኛ የተሰጠውን መመሪያ በከፊል ብቻ ይረዳል፤ አፍሮ ዝም ይላል፤ አስተማሪውም ዝምታውን እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል። በየክፍሉ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ረዳት መኖር አለበት። እናንተም ቢያንስ «አካም ቡልተኒ» እና «ገለቶማ» ማለትን ተለማምዳችሁ ኑ፤ ልጆቹ አነጋገራችሁን ሲያርሙ ያን ጊዜ እነሱ አስተማሪ ይሆናሉ፣ ክፍሉም ይሟሟቃል።

ከዚህ የከበደ ጉዳይ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ አያስበውም። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ልጆቹ የእንግሊዝኛን ፊደላት መልክ ከ1ኛ ክፍል ጀምረው ያውቃሉ፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ነው። ሲ የምንላት ፊደል በቁቤ «ጨ» ናት፤ ኤክስ «ጠ» ናት፤ ፒ እና ኤች ሲቀጠሉ «ጰ» ይሆናሉ። በቃል መጨረሻ ያለ አናባቢም ሁልጊዜ ይነበባል። ስለዚህ ልጁ ስድስት ቁጥርን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲያይ «ሲጥ» ብሎ ያነባል፤ ሣጥኑን «ቦጥ» ይለዋል። ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንደሚያነበው አስቡት፤ ጅማ ላይ ደግሞ ያ ድምፅ ከአንድ የታወቀ ቅጠል ስም ጋር ስለሚቀራረብ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል።

እዚህ ላይ አስተማሪው አብሮ ቢስቅ ልጁ ለሳምንቱ አፉን ይዘጋል። ልጁ አልተሳሳተም፤ ያነበበው በሚያውቀው ሥርዓት ነው፣ ያም ሥርዓት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ወጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በግራ የቁቤን ድምፅ፣ በቀኝ የእንግሊዝኛን ማስፈር። የት እንደሚለያዩ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሯችሁ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ በአንድ ስታርሙ ከምትውሉ በአንድ ጧት ብዙውን ትገላገላላችሁ።

የአካባቢውን መምህር ከኋላ ወንበር ማስቀመጥ

ቡድኑ ሲመጣ የከተማው የእንግሊዝኛ መምህራን ይጋበዛሉ፤ ከዚያ ማርከር አቀባይ ይደረጋሉ። የቡድኑ አባል ባንክ ውስጥ የሚሠራ ጎበዝ ወጣት ሊሆን ይችላል፤ ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ይዞ ግን አያውቅም። መምህሩ ያውቃል። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ እንግሊዝኛቸው ከእንግዳው የተሻለ ወጣቶችም በየአጥቢያው አሉ። መምህሩ ክፍሉን ይምራ፤ እንግዳው ከትንንሽ ቡድኖች ጋር ተቀምጦ ያነጋግር። ክረምት የመምህሩ ዕረፍት ስለሆነ አበል ይከፈለው፤ ይህም በጀቱ ውስጥ ከቲሸርቱ በፊት ይግባ።

የማስተማሪያ ምሳሌዎችንም ከእሱ ጠይቁ። የበረዶ ሰውና የምድር ውስጥ ባቡር ሥዕል ይዞ መምጣት ምን ያደርጋል? የቡናን ነገር ከለቀማው እስከ ሲኒው ደረጃ በደረጃ በእንግሊዝኛ ማስረዳት የሚችል ልጅ ብዙ ግሥና ብዙ አያያዥ ቃል ተምሯል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት ካሰባችሁ ለብቻችሁ አትሂዱ፤ አስጎብኚዎቹ ልጆቹ ይሁኑ። አስቀድመው ያንብቡ፣ ያጥኑ፣ ከዚያ እያንዳንዱ አንድ ክፍል ወይም አንድ በር ይዞ በእንግሊዝኛ ያስረዳችሁ።

ሥጋ ማብሰል

በመዝጊያው ቀን «ልጆቹን ደስ እናሰኛቸው» ተብሎ በግ ይታረዳል። ከዚያ ትሪው ሲቀርብ የልጆቹ ግማሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ጅማ ዞን ውስጥ ሙስሊሙ ብዙ ነው። የክርስቲያን ቢላዋ የነካውን ሙስሊሙ አይበላም፤ የሙስሊሙንም ብዙ ክርስቲያን አይበላም። ይህ የማያውቁት ነገር ሆኖ ሳይሆን «ለልጆች ምን ችግር አለው» ተብሎ ይታለፋል። ችግር አለው፤ ልጁ ቤቱ ሲገባ ምን በላህ ተብሎ ይጠየቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ጾም ይሁን። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን፣ ጧት ዳቦና ሻይ። በዚህ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውም ልጅ አይቸገርም። ድስቱ ሥጋ ያልተሠራበት መሆኑን የሚጠይቅ ወላጅ ስላለ አዲስ ድስት ግዙ፤ ከአብሳዮቹ መካከልም ሙስሊም እናት ትኑርበት። እሷ ወጥ ቤቱ ውስጥ መኖሯ ከየትኛውም ማብራሪያ ይልቅ ወላጆችን ያሳምናል። ለምግቡ የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድማችሁ ላኩ፤ የአጥቢያው እናቶች እንጀራ ሲጋግሩ የሚውሉትም በነጻ መሆን የለበትም። ቡድኑም አነስ ይበል። ከሃያ እንግዳ ይልቅ ሥራውን የሚያውቅ ስምንት ሰው ይጠቅመናል፤ የቀረው ወጪ ለመጻሕፍት ይውላል።

ዓላማን መሸፈን

ማስታወቂያው ላይ «ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት» ተብሎ ይለጠፋል። በሦስተኛው ቀን ትምህርቱ ይቆምና ስብከት ይጀመራል፣ ጥሪ ይደረጋል፣ እጅ ያነሡ ልጆች ይቆጠራሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም ወንጌል ስለማላምን አይደለም። ወላጅ ልጁን የላከው ለአንድ ነገር ነው፤ እናንተ የሰጣችሁት ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕጉን እንተወውና፣ በ2003 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ አሰንዳቦና አካባቢው ላይ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉት ቁርኣን ተቀደደ የሚል ወሬ ተነሥቶ ነው። እዚህ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ገበያ የምንኖር ሰዎች ያንን አንረሳም። ወሬ ምን እንደሚያስከትል የምናውቅ ስለሆንን ለወሬ በር የሚከፍት ነገር ያስፈራናል።

የምዝገባ ቅጹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ። አዘጋጇ ቤተ ክርስቲያን መሆኗ በግልጽ ይቀመጥ። ጧት ቋንቋ ብቻ ይሁን፤ የመዝሙርና የመጽሐፍ ቅዱስ ጊዜ ለብቻው ከትምህርቱ በኋላ ይያዝ፤ ወላጁ ፈቅዶ ለፈረመለት ልጅ ብቻ። ያልፈረመለት ልጅ ደግሞ በዚያ ሰዓት በረንዳ ላይ ዝናብ እየመታው አይጠብቅ። የንባብ ክፍል ይዘጋጅለት፤ አስተማሪም ይመደብለት። ቀበሌውና ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ይወቁ፤ የአካባቢው ሽማግሌዎችም በመክፈቻው ቀን ይጋበዙ።

ዝናቡን መርሳት

የጅማ ክረምት ቀልድ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲይዘው አስተማሪው አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል እንጂ አይሰማም፤ የመጨረሻው ረድፍ ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ ከፊት ያሉት የከንፈሩን እንቅስቃሴ ለመገመት ይሞክራሉ። ጩኸት አያሸንፈውም። ማዳመጥና መናገር ጧት ይለቅ፤ ከምሳ በኋላ ጽሕፈት፣ የንባብ ካርድ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ጆሮ አስጠግቶ የሚሠራ ልምምድ ይሁን። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በፕሮጀክተር የታሰበው ትምህርት ሁሉ በወረቀት ታትሞ ይኑር። የሜዳ ጨዋታ ያሰበ ሰው ቦት ጫማ ይዞ ይምጣ።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጊቤን በረሃ መውረድና መውጣት አለበት። ማለዳ ተነሡ፤ የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው ከእኛ ጠይቁ፤ የመክፈቻ ፕሮግራም በደረሳችሁበት ምሽት አታድርጉ።

ስጦታና ፎቶግራፍ

ልጆቹን ወደዳችሁ፤ ያለ ነገር ነው። ግን «ስልክ እልክልሃለሁ»፣ «የትምህርት ወጪህን እሸፍናለሁ» የሚል ቃል ለአንድ ልጅ በግል አትስጡ። በመስከረም ያ ልጅ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። መርዳት የፈለገ በአጥቢያው በኩል ይርዳ፤ መጻሕፍቱም ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለቤተ መጻሕፍት ይሰጡ። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፤ ይህ ለእንግዳም ለእኛም የሚሠራ ደንብ ነው። ፎቶ ለማንሣት ወላጅ ይጠየቅ። የተቀደደ ጫማ የተጫማውን ልጅ መርጦ ማንሣት ደግሞ የበጎ ሥራ ማስረጃ አይደለም።

ሪፖርቱን ለላኪው ብቻ መጻፍ

ቡድኑ አዲስ አበባ ተመልሶ ለአጥቢያው በስላይድ ሪፖርት ያቀርባል፤ ጭብጨባ ይሆናል፤ ጅማ ያለው አጥቢያ ግን ምን እንደተባለለት አያውቅም። በመግቢያና በመውጫ ቀን አንድ ዓይነት አጭር ፈተና ስጡ፤ የቃልና የንባብ። ውጤቱን፣ ያልሠራውንና የወጣውን ገንዘብ ጨምራችሁ ጻፉና ረቂቁን ከመምህራኑ ጋር ከጅማ ሳትወጡ አንብቡት። ከዚያ ሐሳባቸው ተካቶበት በሁለቱም ቋንቋ ይዘጋጅ፤ አንዱ ቅጂ ለአጥቢያው፣ አንዱ ትምህርት ቤቱን ለፈቀደልን ርዕሰ መምህር፣ አንዱ ለወላጆች ተወካይ ይሰጥ። የሚቀጥለው ዓመት ካምፕ ይኑር አይኑር የሚለውን ውይይት የምንጀምረው እነሱ አንብበው ሲጨርሱ ነው።