ሊኑክስ ሚንትን ሳትጭኑ ከፍላሽ ላይ ሞክሩት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ግን ገና ብዙ የሚሠሩ ላፕቶፖች አሉ። ለእነዚህ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ ሚንት ጥሩ መጠጊያ ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ከፍላሽ ሲነሳ ራም ላይ ስለሚሠራ፣ እናንተ ካልነካችሁት በቀር ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስና ፋይላችሁ ባለበት ይቆያል።

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ገልብጡ። ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ፣ ራማችሁ 4 ጊጋና ከዚያ በላይ ከሆነ ሲናሞን የሚባለውን፣ ከዚያ ካነሰ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ አውርዱ። ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ በቶሬንት (ፋይልን ከብዙ ኮምፒውተሮች በቁራጭ በቁራጭ በሚያመጣው መንገድ) ማውረድ ያዋጣል፤ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የወረደውንም ራሱ ያረጋግጣል። በብራውዘር ካወረዳችሁ ማረጋገጡ የእናንተ ነው። የወረደውን ፋይል ፍላሽ ላይ የሚጽፈውን ሩፉስ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ አጠገቡ ያለችውን የራይት ምልክት ተጫኑ። የሚወጣውን የኤስኤችኤ 256 ቁጥር (የፋይሉን አሻራ) ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ። በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ እንደገና አውርዱ። ይህን መዝለል በኋላ ግማሽ መንገድ ላይ ደርቆ የሚቀር ስክሪን ያመጣል፣ ሰውም ጥፋቱን በላፕቶፑ ያላክካል።

ሩፉስ ላይ የክፍፍሉን ዓይነት ጂፒቲ አድርጉ፤ ማሽኑ አሮጌና ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ስልት) የሌለው ከሆነ ኤምቢአር። ከዚያ ስታርት በሉ፤ ሲጠይቃችሁ የአይኤስኦ ሞድን ምረጡ።

አሁን ማስነሳት። ላፕቶፑ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ካለው ባዮስ (የማሽኑን የመነሻ ቅንብር) ከመንካታችሁ በፊት ባለ 48 አኃዙን የመመለሻ ቁልፍ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ቅንብር) ሲቀየር ዊንዶውስ ይህን ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም። ከዚያ ፍላሹን ሰክታችሁ፣ ሺፍትን ተጭናችሁ ይዛችሁ ሪስታርት በሉ። በሚመጣው ገጽ ላይ ዩዝ ኤ ዲቫይስ የሚለው ካለ ፍላሹን ከዚያ ምረጡ። ከሌለ፣ ማሽኑ ሲነሳ የቡት ቁልፉን ደጋግሙ፦ ዴልና ሌኖቮ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ኤፍ 9፣ የአሱስ ላፕቶፕ ኤስኬፕ። ኤሰር ላይም ኤፍ 12 ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ይጠይቃል። የደኅንነት ጥሰት የሚል ጽሑፍ መጥቶ ካቆመ በአብዛኛው ያወረዳችሁት ፋይል የቆየ ነውና አዲሱን አምጡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ (ኤንቪዲያ ካርድ ያላቸው ማሽኖች ላይ ያጋጥማል) እንደገና አስነስታችሁ ከመጀመሪያው ዝርዝር ኮምፓቲቢሊቲ ሞድን ምረጡ።

ሲከፈት ዴስክቶፑ ላይ ኢንስቶል የሚል ምልክት አለ፤ ለአሁኑ አትንኩት። ፕሮግራም ሲከፈት ቢዘገይ አትፍረዱ፤ የሚነበበው ከፍላሽ ነው፣ ኤስኤስዲ ላይ ሲጫን ፍጥነቱ ሌላ ነው። መፍረድ ያለባችሁ በሃርድዌሩ ነው። ዋይፋይ ካልታየ (የብሮድኮም ካርዶች በዚህ ይታወቃሉ) አንድሮይድ ስልካችሁን በኬብል አገናኝታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ፤ በዚያ ኢንተርኔት ላይ ሆናችሁ ከድራይቨር ማኔጀር ድራይቨሩን ፈልጉ። ድምፅ፣ ማይክ፣ ካሜራ፣ የብርሃን መቀነሻ ቁልፎችን ሞክሩ። ክዳኑን ዘግታችሁ ከ5 ደቂቃ በኋላ ክፈቱት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ሙከራ ይህ ነው፣ ከተጫነ በኋላም የሚያማርረው ይኸው ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ባዶውን ተዉና ኢንተር በሉ። ማተሚያም አገናኙ፤ አንዳንድ የካኖን ኤልቢፒ ሞዴሎች ልዩ ድራይቨር ካላገኙ አያትሙም።

አማርኛን በተመለከተ፣ ለመጻፍ አይባስ ከሚባለው የጽሕፈት ስልት መቀያየሪያ ፕሮግራም ጋር የሚሠራውን የኤም 17 ኤን ፓኬጅ ጫኑና ሴራ የተባለውን የአማርኛ ስልት ጨምሩ፤ በላቲን ፊደል ሰላምን ስትጽፉ በግዕዝ ይወጣል። በዩኒኮድ (ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) የተጻፉ ሰነዶች ሊብሬኦፊስ በሚባለው የሰነድ ፕሮግራም ላይ ይነበባሉ። ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ማኅደር ያለው ሰው ዊንዶውስ እያለ ወደ ዩኒኮድ ይቀይረው። ፒችትሪ ላይ ሒሳብ የምትሠሩ ወይም አውቶካድ የምትጠቀሙ ከሆነ ዊንዶውስን አትልቀቁ፤ ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም።

ሙከራው ላይ የጻፋችሁት ሁሉ ማሽኑ ሲጠፋ ይጠፋልና የሚፈለገውን ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ዝጉት፣ ንቀሉ በሚላችሁ ጊዜ ፍላሹን ንቀሉ፣ ኢንተር በሉ፤ ዊንዶውስ ይነሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ብታገኙት አትደንግጡ፦ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ከሰዓት ቅንብሩ ሲንክ ናው ስትሉት ይስተካከላል።