ሲፕሮ የታዘዘላችሁ ሰዎች፣ ቡናውን ቀነስ አድርጉት

አዳማ ላይ ለታይፎይድም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚታዘዝለት ሰው ብዙ ነው። ኪኒኑን ይጀምራል፣ ቡናው ግን እንደወትሮው ከአቦል እስከ በረካ ይቀጥላል። ማታ ልቡ ድው ድው ይላል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ብዙዎች የበሽታው ነገር ይመስላቸዋል።

ሲፕሮ ጉበት ውስጥ ካፌይንን (ቡና ውስጥ ያለውን አነቃቂ ነገር) የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያዳክመዋል። የጠዋቱ ቡና ከሰውነት ሳይወጣ የከሰዓቱ ይደረብበታል ማለት ነው። ስለዚህ ኪኒኑን እስክትጨርሱ ጠዋት አንድ ስኒ ይብቃችሁ። ሻይና ኮካም ካፌይን እንዳላቸው አትርሱ። አሞክሲሲሊን ከሆነ የታዘዘላችሁ ይህ ችግር የለም፤ ማሸጊያው ላይ ስሙን እዩ።

ማኪያቶ የምትወዱ ደግሞ ይህችን ልብ በሉ። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲፕሮን ሆድ ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። መድኃኒቱ አቅም ያጣል፣ እናንተም ላትድኑ ትችላላችሁ። ኪኒኑን በውኃ ዋጡት፣ ከዚያ ማኪያቶውን ቢያንስ 2 ሰዓት አቆዩት።

ልባችሁ አላርፍ ካለ ለሐኪማችሁ ወይም ለፋርማሲስቱ ቶሎ ንገሩ። የምታቆሙት ግን ቡናውን ነው፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ አደራ።