በፀሐይ የሚሠራ የሬዲዮና የባትሪ መሙያ ሣጥን ለክፉ ቀን እንዴት እንደሚዘጋጅ

መብራት ለሰዓታት ሳይሆን ለቀናት ሲጠፋ የስልክ ማማዎችም መጠባበቂያ ኃይላቸው ሲያልቅ ዝም ይላሉ፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ እንደታየው ደግሞ ሰው ቤቱን ጥሎ የሚወጣበት ጊዜ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ቀን ወሬ ከሩቅ ይዞ የሚደርሰው ሬዲዮ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተገለጸው ሣጥን በመጀመሪያ ለሬዲዮ፣ ቀጥሎ ለስልክና ለእጅ ባትሪ ታስቦ የሚሠራ ነው።

ከግዢ በፊት ሒሳቡ ይቀድማል። መካከለኛ ድምፅ ላይ ያለች ትንሽ ሬዲዮ ከ1 ዋት ብዙ አትወስድም፤ በቀን 10 ሰዓት ብትከፈት 10 ዋት ሰዓት ገደማ ትፈጃለች። ባለ 4,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የስልክ ባትሪ የሚይዘው 15 ዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲታከልበት 20 ያስፈልገዋል። ሁለት ስልክና አንድ ሬዲዮ ላለው ቤተሰብ በቀን 50 ዋት ሰዓት ይበቃል ማለት ነው። ባለ 20 ዋት የሶላር ፓነል በበጋ አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘ ብክነቱ ተቀንሶ 70 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ በክረምት ደመና ግን ከዚህ ግማሹንም ላይሰጥ ስለሚችል በሐምሌ የስልኩን ድርሻ መቀነስ ግድ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ዝግ የእርሳስ ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ነገር ግን ከግማሽ በታች ደጋግሞ ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር በእርግጥ የሚታመነው ለ40 ያህሉ ነው። ባለ 12.8 ቮልት 6 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ከያዘው 77 ዋት ሰዓት አብዛኛውን ያለ ጉዳት ይሰጣል፣ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው። ተሸክመውት የሚሄዱት ዕቃ ስለሆነ፣ አቅም ከፈቀደ ሁለተኛውን ቢመርጡ ይሻላል እላለሁ። የእርሳሱን የሚገዛ ሰው ሣጥኑ ላይ የአየር ቀዳዳዎች በትራፓኖ ይብሳ፤ ከመጠን በላይ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና።

በፓነሉና በባትሪው መካከል የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር የቻርጅ ኮንትሮለር ይገባል፤ ባለ 10 አምፔሩ ከበቂ በላይ ነው፣ ነገር ግን ለመረጡት የባትሪ ዓይነት መስተካከል የሚችል መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ። ሲያገናኙ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ከዚያ ፓነሉን፤ ሲነቅሉ ደግሞ መጀመሪያ ፓነሉን ነው። ኮንትሮለሩ የባትሪውን ቮልቴጅ አይቶ ራሱን ስለሚያስተካክል ይህ ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት። በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከጫፉ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። ይህን እንደ ትርፍ ነገር የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ትንሽ ባትሪ ግን ሽቦው ሲነካካ ፕላስቲኩን አቅልጦ እሳት ለማስነሳት የሚበቃ ጉልበት አለው። መገናኛዎቹን በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው ሣጥኑ በመኪና ሲንገላታ ስለሚላቀቅ፣ ወይ ይበየዱ ወይ በብሎን ይጠበቁ።

አሁን ወደ ሬዲዮው። እኔ መጀመሪያ በሠራሁት ሣጥን ሬዲዮውንም ስልኩንም የሚያበላው አንድ የመኪና ላይተር ዩኤስቢ ቻርጀር ነበር። ኤፍ ኤም ላይ ምንም አልነበረም፤ ወደ መካከለኛና ወደ አጭር ሞገድ ስዞር ግን ንግግሩ እንደ ንብ ቀፎ በሚያጉረመርም ድምፅ ተዋጠ። ቻርጀሩን ስነቅለው ጸጥ አለ። ምክንያቱ እንዲህ ያለው መቀየሪያ 12ቱን ቮልት ወደ 5 የሚያወርደው ኃይሉን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚወጣው ሁካታ ልክ ሬዲዮው በሚያዳምጥበት ሞገድ ላይ ማረፉ ነው። ከከተማ ራቅ ሲሉ ኤፍ ኤም ስለማይደርስ፣ የተበላሸው በጣም የሚያስፈልገው ሞገድ ነበር።

መፍትሔው ለሬዲዮው የራሱን መስመር መስጠት ነው። አራት የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ የሚፈልገው 6 ቮልት ስለሆነ፣ 7806 የተባለውን ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር ይጠቀሙ፤ ይህ ሳይቆራርጥ ስለሚያወርድ ሁካታ የለውም። ጽሑፉን ወደ እርስዎ አዙረው ሲይዙት የግራው እግር መግቢያ፣ የመካከሉ ኔጋቲቭ፣ የቀኙ መውጫ ነው። ከመግቢያው ወደ ኔጋቲቭ 0.33፣ ከመውጫው ወደ ኔጋቲቭ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስሩ፤ ስለሚሞቅም ጀርባውን በትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ በብሎን ያጥብቁ። ወደ ሬዲዮው ከመሰካትዎ በፊት መውጫውን በቴስተር ይለኩ፤ ከሬዲዮው የኃይል ሶኬት አጠገብ ያለውንም ምልክት ያንብቡ፣ የአንዳንድ ሬዲዮ ሶኬት መካከሉ ኔጋቲቭ ነውና ተገልብጦ ሲገባ ይቃጠላል። ስልክ የሚሞላው ዜና በማይደመጥበት ሰዓት ይሁን።

የፓነሉ አቀማመጥ ላይ ከውጭ አገር መመሪያ የተቀዳ ስሕተት አለ፤ ሁልጊዜ ወደ ደቡብ አዙሩት ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ፓነሉ ላይ የመጻፊያ እርሳስ ቀጥ አድርገው ያቁሙና ጥላው እስኪጠፋ ያዘንብሉት፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየ ነው። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የአንዲት ቅጠል ጥላ እንኳ ኃይሉን በብዙ ትቀንሳለች።

በክዳኑ ውስጥ በአካባቢዎ የሚሰሙትን ጣቢያዎች ሞገድ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ መካከለኛ ሞገድ ሌሊት ርቆ ስለሚሰማ የሌሊቱን ለብቻው ይመዝግቡ። በወር አንድ ሌሊት ደግሞ የቤቱን መብራት ትተው በሣጥኑ ብቻ ይደሩ። ጠዋት የተሰካበትን ሁሉ ነቅለው፣ አሳርፈው ሲለኩት የእርሳሱ ባትሪ ከ12.2 ቮልት በታች ከሆነ ግማሹን አልፏል፣ በዚያኑ ቀን ፀሐይ ላይ ይውጣ።