በጎንደር መቃብሮች የአካባቢ ታሪክ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐውልት የሌለውን እንዳልነበረ መቁጠር። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የሲሚንቶ መቃብር የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው፤ ድሮ አብዛኛው ሰው ያለ ጽሑፍ፣ ቢበዛ ድንጋይ ተከምሮበት ነው የተቀበረው። ሐውልት ቆጥሮ የሰፈር ታሪክ የሚጽፍ ሰው የጻፈው ማሠሪያ ገንዘብ የነበራቸውን ሰዎች ታሪክ ነው። ከደብሩ ግቢ ሳይወጡ መቅረትም ያው ነው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲኖሩ በጉባኤ ተወስኖ ነበርና የሙስሊሞች ሰፈር የሆነውን የአዲስ ዓለምን ሰው በየደብሩ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ለቤተ እስራኤል መቃብር ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብላ ወዳለችው የወለቃ መንደር መሄድ ያስፈልጋል።

በአንድ ስም ብቻ መፈለግ። ሟች በዓለም ስሙ ታውቆ ኖሮ ድንጋዩ ላይ በክርስትና ስሙ ሊጻፍ ይችላል። ሚስት የአባቷን ስም እንደያዘች ስለምትኖር፣ ጎን ለጎን ያረፉ ባልና ሚስት በጽሑፉ ባዕድ ይመስላሉ። «ግራዝማች» የሚል ሲያዩም ጦር መርቷል ብለው አይቸኩሉ፤ ማዕረጉ ለሲቪልም ይሰጥ ነበር።

ዘመኑን በግምት ማስላት። ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ይደመራል። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሰው ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠበትን ኅዳር 18 ቀን 1934ን ወደ 1942 ይወስደዋል፤ ትክክሉ 1941 ነው። የግእዝ ቁጥር ሲደበዝዝ ፮ እና ፯ ይምታታሉ። ያኔ ዓመቱ የሚጠራበት ወንጌላዊ ያድናል፦ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ፲፱፻፳ ድረስ ተነቦ የመጨረሻው ቁጥር ቢጠፋና «ዘመነ ሉቃስ» የሚል ቢገኝ፣ ዓመቱ 1923 ወይም 1927 ነው። ከዚህ የተሻለ ወጪ የሌለው መሣሪያ አላውቅም።

ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ። ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

መቃብሩን ብቻ ማመን። በጎንደር አድባራት የመሬት ሽያጭና ስጦታ፣ ከነምስክሮቹ ስም፣ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ድንጋይ ያልያዘው ስም እዚያ አለ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ጦር ከተማዋን ሲያቃጥል ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተዋል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፏል፤ ስለዚህ የአንድ ደብር መጽሐፍ ዛሬ ሌላ ደብር ሊገኝ ስለሚችል መጠየቅ ነው። ለቅርቡ ዘመን የእድር መዝገብ ይሻላል፤ ሐውልት ያላሠራው ድሃ እዚያ በስሙ ተጽፏል። ለሁሉም ግን አስቀድሞ አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን ማነጋገር ያስፈልጋል። ካሜራ አንግቶ ገብቶ በኋላ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ወንጌሉን የሚያወጣለት አያገኝም።