ሮቨር ማርስ ላይ ስታርፍ በቀጥታ ለማየት እንዴት እንዘጋጅ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። እንደ ኳስ ስርጭት የምትጠብቁ ከሆነ ይከፋችኋል። ሮቨር፣ ማለትም ሰው አልባዋ የምርምር ተሽከርካሪ፣ ስታርፍ ማርስ ላይ ካሜራ ይዞ የሚጠብቃት የለም። በቀጥታ የምታዩት ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጡ መሐንዲሶችን ነው። ግን ምን እየጠበቁ እንደሆነ ካወቃችሁ ከፍጹም ቅጣት ምት በላይ ልብ ያንጠለጥላል። በ2012 እ.ኤ.አ. ኪዩሪዮሲቲ የምትባለው ሮቨር ስታርፍ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ታይምስ ስኩዌር አደባባይ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ሕዝብ ቆሞ ትልቁን ስክሪን ያይ የነበረው ወዶ አይደለም!

ሰዓቱን ቀድማችሁ አስሉ። የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት ነው። አገር ቤት ላላችሁ ቀላሉ መንገድ እነሱ የጻፉት ቁጥር ላይ በክረምታቸው 2፣ በበጋቸው 1 መጨመር ነው። ወደ እኛ ሰዓት አቆጣጠር ተቀይሮ ይመጣላችኋል። ፐርሲቪራንስ የምትባለው ሮቨር የካቲት 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ያረፈችው በእነሱ ከቀኑ 3:55 ነበር፤ በእኛ ከምሽቱ 5:55።

ከዚያ ሰባቱን የጭንቅ ደቂቃዎች አጥኑ። ሮቨሯ የማርስን አየር የምትመታው በሰዓት ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር እየበረረች ነው፣ እና በሰባት ደቂቃ ውስጥ መቆም አለባት፣ ያውም ማንም ሳይነዳት፣ ምክንያቱም ከምድር የሚላክ ትእዛዝ በሰዓቱ አይደርስላትም። ፐርሲቪራንስ ባረፈችበት ምሽት የሬዲዮ መልእክት ከማርስ እኛ ጋ ለመድረስ 11 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። እስቲ አስቡት። «አየሩ ውስጥ ገብታለች» የሚለው ወሬ ምድር ሲደርስ እሷ መሬት ከነካች አራት ደቂቃ አልፏታል። ወይ በሰላም አርፋለች፣ ወይ ተሰባብራለች፤ እኛ ግን ገና መጀመሪያውን እየሰማን ነው። ይህን ለልጆች ከስርጭቱ በፊት ንገሯቸው። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው ማረፍን ማየት የጀመርኩት ብል ይቀለኛል።

ጆሯችሁ የሚጠብቃቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ፓራሹቱ መዘርጋቱ፣ ሮኬቶቹ መነሳታቸው፣ ከዚያ ስካይ ክሬን የሚሉት። የማርስ አየር ከእኛ 1 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ 21 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ፓራሹት ብቻውን አንድ ቶን የምታህል ሮቨር አያሳርፍም። ስለዚህ ሮኬት የተገጠመለት ተሸካሚ ከመሬት 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በገመድ ቀስ አድርጎ ያወርዳታል፣ ጎማዋ መሬት ሲነካ ገመዱ ይቆረጣል፣ እሱ ርቆ ሄዶ ይወድቃል። የፐርሲቪራንስን ስርጭት ቅጂ ዩቲዩብ ላይ አንድ ጊዜ እዩት። ማረፏን ያበሰረችው መሐንዲሷ ስዋቲ ሞሃን ናት፤ ድምጿን ስትሰሙ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንዴት እንደሚዘሉ ተመልከቱ።

ኦቾሎኒ እንዳይረሳ። የፓሳዴናዎቹ መሐንዲሶች ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንዲህ ያለ ቀን ኦቾሎኒ ይበላሉ፤ ስድስት የጨረቃ ሙከራዎች ከሸፉ በኋላ ሰባተኛው ሲሳካ ኦቾሎኒ ይዘው ነበር። እኛማ ከቆሎው ጋር ደባልቀን ጨርሰናል።

ጭብጨባው እንዳለቀ ስልኩን አትዝጉ። የመጀመሪያው ፎቶ ጥቁርና ነጭ፣ ብዥ ያለ ይሆናል፤ የካሜራው መሸፈኛ አቧራ ስለሚለብስ ነው። ጥሩው ቪዲዮ ቆይቶ ነው የሚመጣው። የፐርሲቪራንስ ከአራት ቀን በኋላ ወጣ። ሰዎች ቪዲዮውን አቁመው የፓራሹቱን ቀይና ነጭ ቀለም ቆጥረው የተደበቀ መልእክት አገኙበት፣ በሰዓታት ውስጥ! «ታላላቅ ነገሮችን ድፈሩ» ይል ነበር። ፈላጊዎቹ ከቤታቸው ስክሪን ላይ ያፈጠጡ ተራ ተመልካቾች ነበሩ።

ሮቨሮቹ የሚልኩትን ፎቶ ናሳ ድረ ገጹ ላይ ሳያሳምር ይለቀዋል፣ በነፃ። ዳታ እንዳይበላባችሁ ትንንሾቹን እያያችሁ የወደዳችሁትን ብቻ ክፈቱ። ፎቶው ላይ «ሶል» የሚል ካያችሁ የማርስ ቀን ማለት ነው፤ ከእኛ 40 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል።

ማርስ በምሽት የምትታይበት ወቅት ከሆነ ደግሞ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጧቸው። ቀላ ያለች፣ እንደ ኮከብ ብዙ የማትርገበገብ ነጥብ ናት። በጣታችሁ ጠቁሙና «ሮቨሯ ያለችው እዚያ ነው» በሏቸው።