ሰፈራችሁ የማን የማን እንደሆነ ለማወቅ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የእድር ጸሐፊ ነኝ። «እዚያ የሚበዛው የየት ሰው ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። በዕጣ የደረሰ ቤት ውስጥ ይህን ማወቅ ዘዴ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ቁጥሩን ያዙ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ አማራ 47 በመቶ፣ ኦሮሞ 19.5፣ ጉራጌ 16.3፣ ትግሬ 6.2፣ ስልጤ 2.9 በመቶ ግድም ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ያኔ ደግሞ የእኛ ብሎክ የቆመበት ቦታ እርሻ ነበር። ስለዚህ ይህን ቁጥር ይዞ ስለ ዛሬው የከተማ ዳር ሰፈር የሚሟገታችሁን አትስሙት።

ቋንቋን ከብሔር ለዩ። በዚያው ቆጠራ አማርኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው 71 በመቶ ገደማ ነው፤ አማራ ነኝ ካለው 47 በመቶ በጣም ይበልጣል።

በር አንኳኩቶ ብሔር መጠየቅማ ነውር ነው! በዓል ጠብቁ። ከእኛ ብሎክ ሥር ያለው ባለሱቅ ለመስቀል «አገር ቤት ነኝ» የሚል ካርቶን በሩ ላይ ለጥፎ ጉራጌ ይወርዳል፤ ዳቦ ፍለጋ እስከ አስፋልቱ እንሄዳለን። ለአረፋ ተራው የስልጤዎቹ ነው። ከእኛ በፊት መሬቱን ያርሱ የነበሩትን የኦሮሞ አባቶች ግን ቁጭ ብሎ ማዋራት ነው።

አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ጉራጌ የሆነውን ልጅ ግማሽ ግማሽ አድርጋችሁ አትደምሩ፤ ራሱ ያለውን ጻፉ።